ደሴና ኮምቦልቻ በአንድ ሳጥን፦ የኮከብ ተመልካች አፕ እንዴት ይሠራል?

ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሷል፤ ስልካችሁ ከረከቦቱ ጎን ተቀምጧል። አንሡትና የአየር ሁኔታ የሚነግራችሁን አፕ ክፈቱት። ደመና የሌለባት ጨረቃ ተስላ፣ ከሥሯ «ጥርት ያለ ሰማይ» የሚል ጽሑፍ ይታያችሁ ይሆናል። አሁን ደጁን ከፈት አድርጋችሁ ቀና በሉ። ስልኩና ሰማዩ ተስማምተዋል?

አንድ ታኅሣሥ 4 ማታ ለእኔ አልተስማሙም። በየዓመቱ በዚያ ሰሞን ጀሚኒድስ የሚባሉት ተወርዋሪ ከዋክብት ይወርዳሉ። ስልኬን አምኜ፣ ጋቢዬን ደርቤ ደሴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ አንድ ሰገነት ላይ ወጣሁ። ጉሙ የጎረቤቴን አጥር እንኳ አያሳይም። ኮምቦልቻ ላለችው እህቴ ደወልኩ። «ኧረ ወንድምዬ፣ እዚህ ሰማዩ ኮከብ በኮከብ ነው! ቆሜ ሦስት ሲወረወሩ አየሁ» አለችኝ። ስልኳ ምን እንደሚል ጠየቅኳት። የኔው ስልክ የሚለውን ነው የሚለው።

ከዚያ ማታ ጀምሮ ነው ይህ ነገር ውስጡ እንዴት እንደተሠራ መመርመር የጀመርኩት። ለኮከብ ተመልካች ብቻ የሚሆን አፕ ብንሠራ ምን ምን ይኖረዋል? መልሱን ፍለጋ ብዙ ርቄ አልሄድኩም፤ አብዛኛውን ያገኘሁት እዚሁ ጓዳ ውስጥና ደሴን ከኮምቦልቻ በሚያገናኘው በሐረጎ መንገድ ላይ ነው።

ደግሞስ ሰማይ ማየት ለደሴ ሰው ምን አዲስ ነገር አለው? አጼ ዮሐንስ 4ኛ በ1882 እ.ኤ.አ. በዚህ አገር ዘምተው ሳለ ጅራቱ የሚያብረቀርቅ ኮከብ አይተው፣ እንደ ተአምር ቆጥረው፣ ከተማዋን ቆርቁረው «ደሴ» አሏት ይባላል፤ ደስታዬ ማለታቸው ነው። በዚያው ዓመት መስከረም የታየው ታላቁ ጅራታም ኮከብ በቀን ብርሃን፣ ከፀሐይዋ አጠገብ ሳይቀር በዓይን የሚታይ ነበር። ያን ጊዜ ጉም ቢጋርዳቸው ኖሮ ምናልባት ዛሬ ከተማችንን በሌላ ስም እንጠራት ነበር።

ወደ ስልካችን እንመለስ። ተራው የአየር ሁኔታ አፕ የተሠራው «ጃንጥላ ልያዝ ወይስ ልተው?» ለሚል ሰው ነው። ለዚያ ሰው ስስ ደመና ምንም አይደለም፤ ጤዛም፣ ጭስም፣ የጨረቃ ብርሃንም ግድ አይሰጡትም። ኮከብ የሚያይ ሰው ግን እነዚህ ሁሉ ያስጨንቁታል። ስለዚህ ኮከብ ወዳዶች የራሳቸውን ትንበያ ሠርተዋል። በካናዳ የተጀመረው የጥርት ሰማይ ሰንጠረዥ ሰዓቱን በትናንሽ ባለ ቀለም ካሬዎች ያሳያል፤ ካሬው ጠቆር ያለ ሰማያዊ ሲሆን ውጡ ማለት ነው። እሱ ግን የሚሸፍነው ሰሜን አሜሪካን ነው። ቻይናዊ ኮከብ ተመልካች የጀመረው ሰቨን ታይመር ደግሞ የማንኛውንም ቦታ ኬክሮስና ኬንትሮስ ስትሰጡት ትንበያውን ያወጣል፤ ደሴንም ጭምር።

ችግሩ ከሥር ያለው ስሌት ነው። ብዙ አፖች ትንበያቸውን የሚቀዱት የአሜሪካው የአየር ሁኔታ አገልግሎት በነጻ ከሚለቀው ጂኤፍኤስ ከሚባለው ስሌት ነው። ይህ ስሌት ዓለምን እንደ ወለል ንጣፍ በካሬ በካሬ ይከፋፍላታል፤ በነጻ በሚለቀቀው ውጤት የአንዱ ካሬ ጎን 28 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለእያንዳንዱ ካሬ አንድ የሙቀት ቁጥር፣ አንድ የደመና ቁጥር፣ አንድ የመሬት ከፍታ ይሰጠዋል።

ከደሴ ኮምቦልቻ በአየር ላይ ስንት ነው? መንገዱ ስለሚጠማዘዝ ረጅም ይመስለናል እንጂ ቀጥታ ቢለካ 13 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። አንድ ካሬ ሁለቱንም ከተሞች ሐረጎን ጨምሮ ሊውጣቸው ይችላል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ መሆናቸውን ካሬው አያውቅም። የጦሳ ተራራም፣ አዝዋ ገደልም፣ የቦርከና ሸለቆም እንደ ተዳመጠ ሊጥ አንድ ወጥ ሆነው ይታዩታል። የአውሮፓው ስሌት ካሬው 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ይሻላል፤ ለእኛ ተራራ ግን እሱም ገና ሰፊ ነው።

ይህ የ650 ሜትር ልዩነት ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ በእጃችሁ መያዝ ትፈልጋላችሁ? ባዶ ሃይላንድ ፈልጉ፤ ስሱ ዓይነት ይሁን። ደሴ ላይ ክዳኑን አጥብቃችሁ ዝጉና ሚኒባስ ውስጥ ይዛችሁ ግቡ። ጆሯችሁ ድፍን ሲል አውጥታችሁ እዩት። ኮምቦልቻ ስትደርሱ ጎኑ ገባ ብሎ፣ አንድ ሰው ጨበጥ ያደረገው መስሎ ታገኙታላችሁ። ማንም አልነካውም፤ የታችኛው አገር አየር ከበድ ስለሚል ከውጭ ጨፈለቀው እንጂ። ስትመለሱ ኮምቦልቻ ላይ ከፍታችሁ እንደገና ዝጉትና ደሴ ክፈቱት፤ ፍስስ ብሎ ይተነፍሳል።

ከኮምቦልቻ በኩል ተነሥቶ ዳገቱን የሚወጣ አየርም የሚሆነው ይኸው ነው። ወደ ላይ በወጣ ቁጥር የሚጫነው ስለሚቀንስ ይለጠጣል፤ ሲለጠጥ ደግሞ ይቀዘቅዛል።

ያንኑ ሃይላንድ እንዳትጥሉት። ትንሽ ለብ ያለ ውኃ ጨምሩበትና ነቅንቃችሁ ድፉት፤ ውስጡ እርጥብ ሆኖ ይቅር። ክብሪት ጭራችሁ አጥፉና ጭሱን አፉ ውስጥ አስገቡ። ክዳኑን ዝጉ። አሁን በሁለት እጃችሁ ጠበቅ አድርጋችሁ ጭመቁት፣ ከዚያ ድንገት ልቀቁት። ውስጡ በነጭ ጉም ይሞላል። እንደገና ስትጨምቁ ይጠፋል፤ ስትለቁ ይመጣል። በመዳፋችሁ የያዛችሁት የደሴ ጉም ነው። ጭሱ ለምን አስፈለገ ብትሉ፣ እንፋሎት ጠብታ የሚሆነው የሚያርፍበት ቅንጣት ሲያገኝ ስለሆነ ነው። የኛ ሰማይ ደግሞ አቧራና የምድጃ ጭስ አያጣም።

የቀረው ጥያቄ አንድ ነው፤ አየሩ ስንት ሜትር ሲወጣ ነው ጉም የሚሆነው? አፑ ይህን የሚያውቅበት ዘዴ ማቀዝቀዣችሁ ውስጥ አለ።

የቀዘቀዘ የአምቦ ውኃ ጠርሙስ አውጥታችሁ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ። ብዙም ሳይቆይ ላብ ያጠምቀዋል። ላቡ ከጠርሙሱ ውስጥ የወጣ አይደለም፤ ከቤታችሁ አየር የተለቀመ ነው። አየር በያዘው እርጥበት ልክ ላብ የሚያወጣበት የሙቀት መጠን አለው፤ የጤዛ ነጥብ ይባላል። ተራዎቹ አፖች ይህን ቁጥር ዝርዝር ውስጥ ይደብቁታል። ለኮከብ ተመልካች ግን ከሙቀቱ ጎን በትልቁ መጻፍ ያለበት እሱ ነው።

ለምን ብትሉ፣ እንዲህ ያለች የጓዳ ሒሳብ አለችላችሁ። የጤዛ ነጥቡን ከሙቀቱ ቀንሱ። የቀረውን በ125 አባዙ። የምታገኙት ቁጥር፣ ከቆማችሁበት የሚነሣ አየር ደመና ለመሆን መውጣት ያለበት የሜትር ብዛት ነው፤ በግምት።

ከሰዓት በኋላ ኮምቦልቻ ላይ ሙቀቱ 23፣ የጤዛ ነጥቡ 18 ሆነ እንበል። ልዩነቱ 5 ነው፤ 5 ሲባዛ በ125፣ 625 ሜትር። የሁለቱን ከተሞች የከፍታ ልዩነት አስታወሳችሁ? ኮምቦልቻ ያለው ሰው ሐረጎ ጫፍ ላይ የተቀመጠ ደመና ያያል፤ ደሴ ያለው ደግሞ ደመናው ውስጥ ሆኖ ጉም ይለዋል። ልዩነቱ 12 ሲሆን ግን ደመናው 1,500 ሜትር ወደ ላይ ይሸሻል፤ ደሴ ትተነፍሳለች። ይህን ሒሳብ ባወቅሁ ጊዜ ምን ያህል እንደተደነቅኩ ልነግራችሁ አልችልም። ዕድሜ ልኬን ስወርድ ስወጣበት የኖርኩት መንገድ በአንዲት ማባዛት ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል።

ስለዚህ የኛ አፕ የመጀመሪያ ሥራው ካሬው የሰጠውን ቁጥር ሳያምን፣ ስልኩ ያለበትን እውነተኛ ከፍታ ጠይቆ ማረም ነው። ሙቀት በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል፤ ለእኛ ሁለት ከተሞች 4 ዲግሪ ልዩነት ማለት ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ የሚቲዎሮሎጂ ቅርንጫፍ አለ፤ በመሣሪያ የተለካ ቁጥር ከስሌት ቁጥር ጋር ሲገናኝ እርማቱ ይበልጥ ይሰምራል።

«ሳተላይት እያለ ይህ ሁሉ ለምን?» የሚል አይጠፋም። ተገቢ ጥያቄ ነው። ሜቲዎሳት የሚባሉት ሳተላይቶች 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሆነው በየ15 ደቂቃው ወይም ከዚያ ባጠረ ጊዜ ፎቶ ያነሣሉ፤ አንዱ ሕንድ ውቅያኖስ በኩል ስለቆመ እኛን ደህና አድርጎ ያየናል። ሌሊት ግን ፀሐይ የለችም። ሳተላይቱ ያኔ የሚያየው ሙቀትን ነው፤ ቀዝቃዛ ነገር ከታየው «ይህ ከፍ ያለ ደመና ነው» ይላል።

ዓይናችሁን ጨፍኑና ሰው ሁለት ሰሃን ያቅርብላችሁ፤ አንዱ ላይ አሁን ከምጣድ የወጣ እንጀራ፣ ሌላው ላይ የትናንት። መዳፋችሁን ሳትነኩ ከላይ ዘርጉት። የቱ የቱ እንደሆነ ወዲያው ታውቃላችሁ። አሁን ሁለቱም የትናንት ይሁኑና አንዱ በነጠላ ይሸፈን። የተሸፈነውን በመዳፍ ሙቀት መለየት ትችላላችሁ? አትችሉም፤ ነጠላውም እንጀራውም እኩል ቀዝቅዘዋል። መሬት ላይ የተኛ የደሴ ጉም ለሳተላይቱ ያ ነጠላ ነው። ሙቀቱ ከመሬቱ ሙቀት እምብዛም ስለማይለይ ሊያመልጠው ይችላል። በዚያ የታኅሣሥ ማታ ስልኬ ያሳሳተኝ በዚህም ሊሆን ይችላል።

በዚህ ምክንያት ጥሩ የኮከብ አፕ ደመናን በአንድ ቁጥር አይናገርም፤ የታችኛውን፣ የመካከለኛውንና የላይኛውን ለየብቻ ያሳያል። ለደሴ ሰው ዋናው የታችኛው ነው። ለኮምቦልቻ ሰው ግን የላይኛው ስስ ደመና ይበልጥ ያናድዳል፤ ፍኖተ ሐሊብን እንደ ታጠበ ነጠላ ያፈዘዋል።

ሰማዩ ጠራ እንበል። ባይኖኩላራችሁን አወጣችሁ፤ ጁፒተርን ስታዩት ግን ይዋኛል፣ ጠርዙ አይጨበጥም። ደመና የለም፤ ታዲያ ምንድን ነው?

ማንደጃው ላይ ፍም አለ አይደል? ጀበናውን አንሡና ከፍሙ በላይ ባለው አየር አሻግራችሁ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ካላንደር አንብቡ። ፊደሎቹ ይርገበገባሉ። ሙቅና ቀዝቃዛ አየር ሲደባለቅ ብርሃንን ወዲያና ወዲህ ያጣምመዋል። ከዋክብት ብልጭ ድርግም የሚሉት በዚሁ ነው፤ ከራሳቸው የመጣ ነገር የለም። እንደ ጁፒተር ያሉ ፈለኮች ግን ቅርብ ስለሆኑና ትንሽ ስፋት ስላላቸው በዓይን ብዙም አይንቀጠቀጡም። ዛሬ ማታ ሞክሩት፤ ከደማቆቹ መካከል የማይንቀጠቀጠውን ስታገኙ ምናልባት ፈለክ ነው።

አፑ ይህን መንቀጥቀጥ የሚገምተው በየከፍታው ያለውን የነፋስ ፍጥነት አነጻጽሮ ነው። በክረምት ከራሳችን በላይ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ከምሥራቅ የሚጋልብ ኃይለኛ ነፋስ ያልፋል፤ ስለዚህ ክረምት ላይ ደመናው ቀዳዳ ቢሰጣችሁም ምስሉ ይሸበራል። የታችኛውን መንቀጥቀጥ ግን የትም ያለ ኮምፒውተር አያውቅላችሁም፤ እናንተ ናችሁ የምታውቁት። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የጠጣ የቆርቆሮ ጣሪያ እስከ ምሽት ይተነፍሳል፤ በእሱ ላይ አሻግራችሁ አትመልከቱ። ሲሚንቶ ሰገነትም እንዲሁ ነው። ሣር ላይ መቆም ይሻላል። እንጦጦ ላይ ያሉት ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች 3,200 ሜትር ገደማ ላይ የተተከሉት ከዚህ ከሚርገበገብ አየርና ከእርጥበቱ ትንሽ ከፍ ለማለት ነው።

ጨረቃን በተመለከተ ለወሎ ሰው አፕ የሚያስፈልገው አይመስለኝም። የሙስሊም ጎረቤታችሁን «ዛሬ በሂጅራ ቀኑ ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ከ1 እስከ 5 ከሆነ ጨረቃ በጊዜ ትገባለች፤ ከዚያ በኋላ ሰማዩ የናንተ ነው። 14 ወይም 15 ከሆነ ሌሊቱን ሙሉ ታበራለች፤ እሷን ራሷን እዩ እንጂ ደካማ ከዋክብትን አትፈልጉ። 25 ካለፈ የምትወጣው ወደ ንጋት ነው። አፑ ግን ሊረዳ የሚችልበት ሌላ ነገር አለ፦ አድማስ። አዲስ ጨረቃ የምትታየው በምዕራብ ዝቅ ብላ፣ ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ ከደሴ በስተ ምዕራብ ደግሞ ጦሳ ተገትሯል። ስልኩ «ጨረቃ ገና አልገባችም» ሲል ከተራራው ጀርባ ገብታ ይሆናል። ስለዚህ አፓችን የተራራውን ቅርጽ ማወቅ አለበት።

ቁመት ለመለካት ክንዳችሁን ዘርጉና ጡጫችሁን ጨብጡ። የጡጫው ወርድ 10 ዲግሪ ያህል ነው። እኛ ያለነው በ11 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ስለሆነ የሰሜን ኮከብ ከአድማስ በላይ አንድ ጡጫ ከትንሽ ብቻ ከፍ ብሎ ይገኛል። የደሴ ማዕከል ላይ ሆናችሁ ብታጡት ተራራው ነው የጋረደው፤ ቦሩ ሜዳ ወጥታችሁ ፈልጉት።

የአፑ ገጽ መልክስ? ጥቁር፣ ጽሑፉ ቀይ። ይህ ለጌጥ የተደረገ አይደለም። አንድ ዓይናችሁን በእጃችሁ ሸፍናችሁ መብራት ያለበት ክፍል ውስጥ ሩብ ሰዓት ተቀመጡ፤ ከዚያ መብራቱን አጥፉና ዓይኖቻችሁን እየቀያየራችሁ ጨፍኑ። የተሸፈነው ዓይን ክፍሉን ያያል፤ ሌላው እንደ ዕውር ነው። ዓይን ጨለማን ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፤ አንድ ጊዜ የስልክ ነጭ ብርሃን ካየ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። በጨለማ የሚያየው የዓይናችን ክፍል ቀይ ብርሃንን እምብዛም ስለማያውቀው ቀዩ አይረብሸውም። አፕ ከሌላችሁ ቀይ ፌስታል ሁለት ሦስት ጊዜ አጥፋችሁ የስልካችሁን መብራት ሸፍኑበት። መብራት በጠፋበት ማታ ደግሞ ሻማ ከመፈለግ በፊት ወደ ግቢ ውጡ፤ ከደሴ መሐል ሰማዩ እንዲህ ጨልሞ የሚገኘው ያን ጊዜ ነው።

ሰዓቱም የኛ ሰዓት ይሁን። ፀሐይ ወደ 12 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች፤ ድንግዝግዙ ሙሉ በሙሉ የሚያልቀው ከዚያ አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ቆይቶ ነው። ያ የአሜሪካ ስሌት በቀን አራት ጊዜ ይታደሳል፤ በኛ ከቀኑ 9 ሰዓት የሚጀምረው ማታ 1 ወይም 2 ሰዓት ገደማ ይደርሰናል። ስለዚህ የጠዋቱን ትንበያ ይዛችሁ አትውጡ፤ ከራት በኋላ እንደገና ክፈቱት። ከሦስት ቀን ወዲያ ያለውን ደግሞ አፑ በደብዛዛ ቀለም ቢጽፈው እወዳለሁ፤ እርግጠኛ ያልሆነ ነገር እርግጠኛ መስሎ መታየት የለበትም።

አንድ ቁልፍ ደግሞ መቅረት የለበትም ባይ ነኝ፦ «እኔ ያለሁበት እንዲህ ነው» የሚል። እህቴ ኮምቦልቻ ሆና «ጥርት» ብላ ትጫናለች፤ እኔ ደሴ ሆኜ «ጉም» እላለሁ። ያኔ ሐይቅ ወይም ኩታበር ያለ ሰው የሁለታችንን አይቶ ይወስናል። እስኪ እስከዚያው በደብተር ጀምሩት፤ ለአንድ ወር በየማታው 3 ሰዓት ላይ ስልኩ ያለውንና ዓይናችሁ ያየውን ጎን ለጎን ጻፉ። ከሙቀቱ ጎን የጤዛ ነጥቡንም አትርሱ።

ደብተሩን እኔም ይዣለሁ፤ የምጠብቀው ቀን አለኝ። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም ላሊበላ ላይ ፀሐይ ቀለበት ስትሆን ብዙ ሰው አይቷል። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም ደግሞ ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ በግብፅና በሳዑዲ በኩል ያልፋል፤ ለእኛ ከእኩለ ቀን በኋላ በከፊል ይደርሰናል። ለግርዶሽ የተሠራውን መነጽር ከወዲሁ መፈለግ ያስፈልጋል፤ በባዶ ዓይንም በባይኖኩላርም ፀሐይን ማየት ዓይን ያጠፋል። ቀኑ የዋለው በሐምሌ፣ በክረምቱ እምብርት ላይ ነው። በዚያ ጠዋት ኮምቦልቻ እሆናለሁ። የጤዛ ነጥቡን ከሙቀቱ ቀንሼ በ125 አባዛለሁ፤ ከዚያ ሐረጎን ቀና ብዬ አይቼ፣ እዚያው መቆየት ወይም ሚኒባስ መሳፈር እንዳለብኝ ለእህቴ እነግራታለሁ።